የእናቶች ቆጠራ

«ውጪ! ውጪ አንቺ የማትሰሚ!»

ይርገዱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ በታጨደው የማሽላ ማሳ መሐል ሮጠች። ዥጉርጉሯ ላም አጥሩን ጥሳ ገብታለች። ማሽላው ተሰብስቦ አውድማ ከገባ ሰንብቷል፤ የፎገራ መሬት ግን እርጥበቱን ቶሎ አይለቅምና ከየጉቶው ሥር አረንጓዴ ለጋ አቆጥቁጧል። ለላም ከዚያ የሚጣፍጥ ነገር የለም፤ ከዚያ ፈጥኖ የሚገድላትም የለም። አምና የጎረቤታቸው በሬ ከእንዲህ ያለ ማሳ ሲወጣ ደህና ነበር። አጥሩ ጋ ሲደርስ ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ወደቀ። ቢላዋ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቀም።

የወረወረችው ድንጋይ የላሟን ሽንጥ መታ። ላሟ ደንግጣ ዞረች። ይርገዱ በዱላ እየገፋች ካስወጣቻት በኋላ አፏን ፈልቅቃ ያላመጠችውን ለጋ አስተፋቻት። ከዚያ እጇን በሣር እየጠረገች ቆማ ጠበቀች። ላሟ አልተንቀጠቀጠችም። ጆሮዋን እያርገበገበች፣ ምንም እንዳላጠፋች ሁሉ፣ ወደ ቤት አቀናች።

«ትንሽ ከሆነማ ትችለዋለች» አለች ይርገዱ ለራሷ።

ቃሉ የእሷ አልነበረም። ጎንደር ሆስፒታል የሰማችው ነው። ከዚያ ከተመለሰች ወዲህ ማጀት ስትገባ፣ ውኃ ስትወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትስም ይከተላታል። ለባሏ እንኳ አልነገረችውም። ዛሬ ደግሞ ከቀኖቹ ሁሉ የባሰ ቀን ነው፤ ደሞዝ ሽማግሌዎቹን ይዞ ይመጣል። ልጇ ጸሐይነሽ ለደሞዝ ልጅ ለመንግሥቴ ልትሰጥ ዘር ይቆጠራል፣ መሐላ ይማላል፣ የጥር ሠርግ ቀን ይቆረጣል።

ደሞዝ ከርብ ወንዝ ማዶ የሚኖር፣ ከብትና መሬት የሞላለት ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ነገርን አገላብጦ ሳያይ እሺ አይልም እንጂ። ካቻምና የራሱን ሴት ልጅ፣ ውዴን፣ ለይርገዱ የበኩር ልጅ ለአበረ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። የአበረ ዓይን ሲጠፋ ቃሉን አጠፈ። አጥፎም ዝም አላለም፤ ምክንያቱን በሽማግሌ ፊት ተናገረ።

«የአድማሴ አባት ዓይናቸው ጠፍቶ ሞቱ። አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸው። ነገሩ አጥንት ውስጥ ነው። ከውዴ የሚወለዱት የአበረ አጥንት ናቸው፤ እያየሁ ልጄን ገደል አልከትም።»

የይርገዱ ባል አድማሴ ያን ቀን አንገቱን ደፋ። አባቱ በእርግጥ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ ከሸመገሉ በኋላ፣ እንደ ብዙ ሽማግሌ፣ ነጭ ሞራ ሸፍኖት። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ዓይንና የሽማግሌ ዓይን አንድ እንዳልሆነ ለመናገር ግን ድፍረት ያስፈልጋል፤ አድማሴ ደግሞ ልጁን ባየ ቁጥር ድፍረቱ የሚከዳው ሰው ሆኖ ነበር። «ከእኔ ነው» ይላል። እርሻ ላይም ይላታል፣ ገበታ ላይም ይላታል። ከዚያ ወዲህ በሸንጎ ላይ ከኋላ መቀመጥ ጀመረ።

ዓመት አልፎ ያው ደሞዝ ጸሐይነሽን ለልጁ ሲጠይቅ የገረመው ሰው አልነበረም።

«ሴቷ እኛ ቤት ነው የምትገባ። የምትወልደው የእኛ አጥንት ነው» አለ።

አገሩም ልክ ነው አለ። ለርስት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ መሬት የሚያስገኝ ከሆነ ፎገራ ላይ የእናቱን አያት ስም የማያውቅ ሰው አይገኝም። ለደዌ ሲሆን ግን አጥንት የአባት ነው ተብሎ ያድራል። የእናት ወገን ዝምድና እንዳይገናኝ ያህል ይጠየቅና ይታለፋል።

አበረ የአህመዲን የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አህመዲን የወረታ ነጋዴ ነው፤ ከጎንደር ጨውና ጨርቅ ያመጣል፣ ከፎገራ ኑግና ሽምብራ ይጭናል። አንድ ጠዋት አበረ ከኋላ ሆኖ መኪናውን ሲያስገባ የሾፌሩ ፊት በመስተዋቱ ውስጥ ጠፋበት። መስተዋቱ አለ፣ የመስተዋቱ ጠርዝ አለ፣ መሐሉ ላይ ግን ጭስ ቆሟል። ዓይኑን አሸ። ጭሱ አልሄደም። አላመመውም፣ አላለቀሰም፣ አልቀላም። በቀኝ ዓይኑ የጀመረው ክረምቱ ሳያልቅ ግራውን ጨመረ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አበረ ያለ ዱላ መሄዱ ነበር። ዳር ዳሩን ያያል፤ አጥር አይገጭም፣ ጉድጓድ አይገባም። በመርፌ ክር ማስገባት፣ ሰው በፊቱ መለየት ግን አይችልም። ሰው ሲያናግረው ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። በዚህም አገሩ ሁለት ተከፈለ። ግማሹ ታወረ ብሎ አዘነለት፤ ግማሹ ሥራ ጠልቶ ነው ብሎ ሳቀበት። እናቱን ግን አንድ ቀን እንዲህ አላት፤

«ፊትሽ የለም እማ። ነጠላሽ ግን አለ።»

ይርገዱ ያን ቀን ያለቀሰችውን ያህል እናቷ ስትሞት አላለቀሰችም። ጣራ ገዳም ወስዳ ጠበል አስጠመቀችው። ወንድሟ መሪጌታ በላቸው እዚያው ቅኔ ያስተምራል፤ እሱም ከወጣትነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። ጠበሉ ለአበረ ልብ እረፍት ሰጠው፤ ዓይኑን አልመለሰለትም። በመጨረሻ አህመዲን ራሱ መጣ። «ልጁ በእኔ መኪና ላይ እያለ ነው የታመመው፤ ሳላሳክመው ብቀር አላህ ይጠይቀኛል» ብሎ እናትና ልጅን ጋቢና አስቀምጦ ጎንደር አደረሳቸው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ፈረንጁ ሐኪም በትንሽ መብራት የአበረን ዓይን ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ ይርገዱ ዞሮ ጠየቀ። የሚተረጉምለት የሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ የደምቢያ ሰው ነበር።

«ወንድም አለሽ ወይ ነው የሚልሽ።»

«አለኝ።»

«ዓይኑስ?»

ይርገዱ ክው አለች። ሰው ነግሮት እንዳይሆን ብላ ልጇን አየች። አበረ ምንም አልተናገረም። «ዓይነ ስውር ነው» አለች።

«የእናትሽ ወንድምስ?»

ይርገዱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስለ ልጇ አባት አልጠየቃትም። ስለ አድማሴ አባት አልጠየቃትም። ይህ ባሕር ማዶ የተወለደ ሰው እሷ ያላሰበችውን መንገድ አንድ በአንድ እየረገጠ ወደ እናቷ ቤት ወጣ።

ቀጥሎ ሐኪሙ አበረን ጠየቀው። ድሬሰሩ ከመተርጎሙ በፊት ይርገዱን አየት አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲጋራ ታጨሳለህ?»

አበረ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። ማየት ፈልጎ አልነበረም። በእነሱ አገር ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ሲሞት ቄስ ላይፈታው ይችላል።

«አጨሳለሁ» አለ። «መኪና ላይ፣ እንቅልፍ ሲመጣ። ብዙ ነው።»

እናቱ በዚያ ሰዓት ልትቆጣው እንኳ አቅም አልነበራትም። ድሬሰሩ ሐኪሙን እያዳመጠ ቆየና በራሱ መንገድ ያስረዳት ጀመር።

«የማሽላ ለጋ ከብት ሲገድል አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ያ መርዝ በትንሹ ትንባሆ ጭስ ውስጥም አለ። ተልባም ላይ ኢምንት ይገኛል። እኔም አንቺም ሳናውቅ እናገኘዋለን። ግን ትንሽ ከሆነ ሰውነት ይችለዋል፤ ጉበታችን ውስጥ መርዙን አርክሶ በሽንት የሚያስወጣ ነገር አለ። ከእናንተ ዘር ያ ማርከሻ የጎደለ ይመስላል ነው የሚለው። ያልረከሰው መርዝ የዓይንን ሥር ይበላል።»

«ይመስላል?»

ድሬሰሩ ጠየቀላት። ሐኪሙ እጁን ዘረጋ።

«ስለ መርዙ ገና እየተጠና ነው፣ አልማልም ይላል። ስለ ዘሩ ግን አይጠራጠርም። ይህ በሽታ በእናት ነው የሚሄደው። ወንዱ ይታመማል እንጂ ለልጁ አያወርስም፤ እሱ ላይ ያበቃል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናት፣ ግን ለልጆቿ ታስተላልፋለች። ሁሉም ወንድ አይታወርም። የትኛው እንደሚታወር ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።»

አበረን ቀይ መርፌ ወጉት። መድኃኒቱ በስሪንጋው ውስጥ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ የቀላ ነበር። መርዙን ለቅሞ ያስወጣ ይሆናል፣ የጠፋውን ዓይን ይመልሳል ግን አልልም አለ ሐኪሙ። ሲጋራውን ተው፤ በመጪው ሰኞ ተመለስ።

በመልሱ መንገድ አዲስ ዘመን ላይ መኪናው ሲቆም አበረ ለብዙ ሰዓት የያዘውን አወጣ።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር ልጄ። ማርያምን አላውቅም ነበር።»

እጇን ፈልጎ ያዘ። አመናት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ለሰው አትናገሪ» አላት። «ጸሐይ ትዳር። የእኔ ነገር አንዴ አልፏል።»

ይህንን ሁሉ ይዛ ነው ይርገዱ ላሟን አስራ ወደ ጓዳ የገባችው።

ጸሐይነሽ ጠላውን እያጠለለች ነበር። ጾም በመሆኑ ገበታው ሽሮና ምስር ነው፤ ልጅቷ ግን ከማለዳ ጀምሮ ለሠርግ እንደሚታረድበት ቀን ጎንበስ ቀና ስትል ቆይታለች። ጸጉሯን ትናንት ተሠርታለች። መንግሥቴን ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ አንዴ በጥምቀት፣ አንዴ ወረታ ገበያ ላይ ኮርማ ሲሸጥ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ እሱም አይቷታል። ከዚያ ወዲህ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ታንጎራጉራለች።

«ጸሐይ።»

«ወይ እማ።»

«ተቀመጪ፣ ጎንደር የሰማሁትን ልንገርሽ።»

ነገረቻት። አላረዘመችውም፤ ድሬሰሩ እንደነገራት ነገረቻት። ጸሐይነሽ ማጥለያውን ከእጇ አልለቀቀችም። ጠላው እየተንጠባጠበ አለቀ፤ እሷ አሁንም ይዛዋለች።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች በመጨረሻ።

«ምን ላድርግ ልጄ?»

«አንቺ ሳታውቂ አላገባሽም? ሳታውቂ አልወለድሽንም? እኔንስ ምነው ሳላውቅ ብትተዪኝ!»

ልጅቷ ማጥለያውን ጣለችና የእናቷን ጉልበት ያዘች።

«ሁሉም ወንድ አይታወርም ብሏል አላልሽም? ምናልባት ሴት ሴቱን እወልድ ይሆናል። ወንድ ከመጣም ትንባሆ እንዳያይ እጠብቀዋለሁ። መንግሥቴ ጥሩ ልጅ ነው እማ። አትናገሪ። በማርያም አትናገሪ።»

«አበረ መኪና ላይ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ታውቂያለሽ? ታውቂ ነበር ወይ አለኝ። አላውቅም ነበር አልሁት። ማልሁለት፤ አመነኝ። ያችን መልስ ይዤ ነው እስካሁን የቆምሁት።» ማጥለያውን ከመሬት አነሳች። «አንቺ ልጅሽ ቢጠይቅሽ እንደዚያ ልትመልሺ አትችዪም። ያን መልስ የነሳሁሽ እኔ ነኝ። ዛሬ ነገርሁሽና ነሳሁሽ። ባልነግርሽ ደግሞ…»

አልጨረሰችውም። ውሻው ጮኸ። የእንግዶቹ በቅሎዎች አጥሩ ጋ ደርሰው ነበር። ጸሐይነሽ ጀርባዋን ሰጠቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደሞዝ፣ የነፍስ አባታቸው አባ ተክለ ሃይማኖትና አንድ ሌላ ሽማግሌ መደቡ ላይ ተቀመጡ። አድማሴ በገዛ ቤቱ ከመደቡ ጫፍ፣ ለበሩ ከሚቀርበው ቦታ ተቀመጠ። አበረ ውጭ የግድግዳው ጥላ ሥር ነበር። ደሞዝ ሲገባ በአጠገቡ አልፎ ሰላም አላለውም፤ ከጠላትነት ሳይሆን ከሀፍረት ይመስላል።

ይርገዱ በየዋንጫው ጠላ ቀዳች። ስለ መኸሩ ተወራ፣ ስለ ርብ ሙላት ተወራ። ከዚያ ወደ ነገሩ ተገባ። አድማሴ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ እስከ ሰባት ቤት ወጣ። ድምፁ አባቱ ስም ላይ ሲደርስ ዝቅ አለና ሲያልፈው ተመለሰ። ደሞዝም የራሱን ቆጠረ። የሚነካካ ዝምድና አልተገኘም።

አባ ተክለ ሃይማኖት መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«እንግዲህ ከመሐላው በፊት ልጠይቅ። የተደበቀ ነገር አለ?»

«የልጄን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አለ አድማሴ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ከአባቴ የመጣ ነው። ከእኔ ነው። አያ ደሞዝ ይህን አይቶ ልጄን ስለጠየቀ እግዜር ያክብረው። ሌላ የደበቅሁት የለኝም።»

መስቀሉን ሊስም ጎንበስ አለ።

ይርገዱ በዚያች ቅጽበት የባሏን ማጅራት አየች። ፀሐይ ያከሰለው፣ ያለ ጥፋቱ የጎበጠ ማጅራት። እሷ ዝም ብላ ጠላ እየቀዳች እሱ በእግዚአብሔር ፊት በሐሰት ሊምል ነው፤ ሐሰት መሆኑን እንኳ ሳያውቅ። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

«አባ፣ መስቀሉን ይመልሱት።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ከእሱ አይደለም» አለች። «እኔን ጠይቁኝ።»

«ይርገዱ፣ ምን ነካሽ?» አለ አድማሴ።

ደሞዝ በትሕትና ፈገግ አለ። «አንቺን የሚያስጠይቅ ምን አለ እመቤቴ? በእናት በኩል እንደማንገናኝ ፊት ተጣርቶ አልቋል።»

«ስለ ዝምድና አይደለም፣ ስለ ዓይን ነው። ልቁጠር።»

«ለዓይንማ አጥንት የአባት ነው።»

«ወንድምዎ በርስቱ ሲከስዎ በእናትዎ አያት አልነበረም የረቱት፣ አያ ደሞዝ? ያኔ ሴት ተቆጥራለች።»

ሽማግሌው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አባ ተክለ ሃይማኖት ግን አልሳቁም። መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «ትቁጠር» አሉ።

ይርገዱ ከእንግዶቹ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«አያቴ አትጠገብ። ወንድሟ እጅጉ። ሚስቱን ጥሎ መነነ ይባላል። ወደ ገዳም ሲሄድ ግን እጁን ይዘው የመሩት ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ከእናቴ ሰምቻለሁ። ከአትጠገብ ቀጥሎ እናቴ ይታይሽ። ወንድሟ አያልነህ። ርብ ሞልቶ ወሰደው ትላላችሁ። ርብ የወሰደው መሙላቱን ስላላየ ነው። ከይታይሽ ቀጥሎ እኔ። ወንድሜ በላቸው። በአስማት መጽሐፍ ጋኔን ሲስብ አጋንንቱ ዓይኑን አጠፉት ተባለ። ሰዎች! በላቸው እኮ ቅኔ ቤት የገባው ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነው። መጽሐፍ ማየት የማይችል ሰው በየትኛው መጽሐፍ ጋኔን ይስባል?»

ለእያንዳንዱ ሰው አገሩ የየራሱን ምክንያት ሰጥቶት ነበር፤ አንዱን አስመነነው፣ አንዱን ውኃ አስበላው፣ አንዱን ከሰይጣን ጋር አጣላው። በአንድ ረድፍ ያቆማቸው አልነበረም። እሷ ራሷ እንኳ ጎንደር እስክትሄድ አላቆመቻቸውም።

«የእኔ ልጅ ደግሞ አበረ» አለች። «የጎንደሩ ሐኪም እነዚህን ሁሉ ሳልነግረው ጠየቀኝ። መርዝ የሚያረክስ ነገር ከእኛ ከሴቶቹ ወገን ጎድሏል። አድማሴ የለበትም። አባቱም የሉበትም፤ እሳቸው ያረጁ ሰው ነበሩ።»

አድማሴ ቀና አለ። ከካቻምና ወዲህ እንዲህ ቀና ብሎ አላየችውም፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ሚስቱን የሚያያት ሸክሙን ከእሱ ወስዳ ራሷ ላይ ስትጭነው እንዳየ ሰው ነበር።

ደሞዝ ዋንጫውን አስቀመጠ። ፈገግታው ጠፍቷል። «ከአበረስ ወደ ልጆቹ ያልፋል?» አለ።

«አያልፍም። ወንድ አያወርሰውም። ውዴ ብታገባው ኖሮ ልጆቿ በዚህ አይታወሩም ነበር።»

ውጭ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ አበረ ይሰማል። ደሞዝ ወደ በሩ አየና መልሶ ወደ እሷ ዞረ። አሁን የሚናገረው ቀስ ብሎ ነበር።

«ታዲያ በማን ነው የሚያልፈው?»

ይርገዱ አፏን ከፈተች። አያቷንም እናቷንም ጠርታለች፣ ራሷንም ጠርታለች፤ የቀረው አንድ ስም ብቻ ነው። ያ ስም ግን አልወጣም አላት። እናት ናት፤ በገዛ አፏ ልጇን ከሠርጓ ልታስወጣ ነው። አባ ተክለ ሃይማኖትም መሬት መሬት ያያሉ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። የታጨች ልጅ በአማቷ ፊት አትወጣም፤ ብትወጣም ፊቷን ትሸፍናለች። ጸሐይነሽ አልሸፈነችም። ዓይኗ ቀልቷል።

«በእኔ ነው» አለች። «ከይርገዱ ቀጥሎ ጸሐይነሽ። ወንድሜ አበረ።»

ሄዳ ከእናቷ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።

ደሞዝ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። «የጥር ሠርጉ ቀን ይቅር» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለቤቱ። ሽማግሌዎቹም ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርስ አበረ መንገድ ሊለቅ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ደሞዝ ቆመ።

«አበረ፣ እንደምን ከረምህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ደሞዝ።»

ደሞዝ በቅሎው ላይ ወጣና ሄደ።

ቤት ውስጥ የቀረበው ጠላ እንደተቀዳ ነው። አድማሴ ከመደቡ ጫፍ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀ። «ከመሬት ተነሡ» አለ፣ «ወደዚህ ውጡ።» አበረም ገባ። ጸሐይነሽ እንባዋ ሳይደርቅ የትናንቱን ሹሩባ ጫፍ ትፈታለች፣ መልሳ ትጎነጉናለች። ይርገዱ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ አልሸሸችም፣ አልቀረበችምም።

«ሰኞ አበረ ለመርፌ ሲሄድ» አለች ጸሐይነሽ ቆይታ፣ «እኔም የአህመዲን መኪና ላይ እወጣለሁ።»

«ምን ልትሆኚ ልጄ?»

«ሐኪሙ አንቺን ጠየቀሽ እንጂ እኔን መቼ ጠየቀኝ?» ሹሩባውን ለቀቀችው። «እኔም የምጠይቀው አለኝ።»

ይርገዱ ቀና ብላ አድማሴን አየችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ለመንገዱ የሚሆን ስንቅ ልታስብ ወደ ጓዳ ገባች፤ ለልጆቿና ለራሷ፣ ለሦስት ሰው።